ኃይለማርያም ደሳለኝን ከ2010 ሳይሆን ከ1994 ጀምረን እንመዝናቸው፦ ጥያቄዬና የመጡት መልሶች

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ቀጥተኛ ነው። አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ የካቲት 8 ቀን 2010 በቴሌቪዥን ቀርበው ሥልጣን ለመልቀቅ መጠየቃቸውን ሲናገሩ ብዙዎቻችን አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ ዛሬም ልክ ሠሩ እላለሁ። ግን ስለ እሳቸው በተወራ ቁጥር ወሬው የሚነሳው ወይ ነሐሴ 2004 ላይ መለስ ዜናዊ ሲያርፉ ነው፣ ወይ ከመልቀቂያው ቀን ነው። ሐዋሳ ለምንኖር ሰዎች ሰውየው የሚጀምሩት ከ1994 ነው። በዚያ ዓመት መጀመሪያ የደቡብ ክልል ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ እስከ 1998 ድረስም ቢሯቸው እዚሁ ከተማችን ነበር። ከዚያ የጠቅላይ ሚኒስትሩ አማካሪ፣ በ2003 ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትርና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር፣ መስከረም 11 ቀን 2005 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር።

እኔ የምለው ይህ ነው። ከሥልጣን መውረድ አንድ ነገር ነው፤ በሥልጣን ላይ ሳሉ ስለተደረገው ነገር ለሕዝብ ቁጭ ብሎ መናገር ሌላ ነገር ነው። ሐዋሳ ብዙ የክልል መሪዎችን ተቀብላ ሸኝታለች። አንዱ ይነሳል፣ አንዱ ይዛወራል፣ አንዱ ይታሰራል። ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ግን አልመጣም። መልቀቃቸውን የምታደንቁ ሰዎች፣ የሐዋሳ ዓመታቸውን እንዴት ታዩታላችሁ?

ክሩ ረጅም ሆነ። ሁሉንም ለማንበብ ጊዜ ለሌላችሁ፣ ማን ምን እንዳለ በተራ ቁጥሩ በራሴ ቃል አስፍሬዋለሁ።

መልስ 1

መጀመሪያ የመጣው አርባ ምንጭ የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የተማረ መሐንዲስ ነው። በጣም በትሕትና ነው የጻፈው። ሰውየውን መጀመሪያ መምህር፣ ቀጥሎ ፖለቲከኛ አድርጎ ነው የሚያያቸው። ወላይታ ቦሎሶ ሶሬ ተወልደው፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲቪል ምህንድስና ተምረው፣ አርባ ምንጭ አስተምረው፣ ፊንላንድ ታምፔሬ ሁለተኛ ዲግሪ ሠርተው፣ ተመልሰው የኢንስቲትዩቱ ዲን መሆናቸውን ዘረዘረ። በደቡብ ወረዳዎች ጉድጓድ ያስቆፈሩና የመጠጥ ውሃ መስመር የዘረጉ ስንት ባለሙያዎች ከዚያ ግቢ እንደወጡ አስታወሰን። ስለዚህ ይህ ሰው ከፖለቲካ ውጪም መኖሪያ ነበረው፣ ወንበሩን መልቀቅ ያልከበደውም ለዚህ ነው ባይ ነው። መጨረሻ ላይ በአገራችን ታሪክ በገዛ ፈቃዱ የለቀቀ የመጀመሪያው መሪ ናቸው ብሎ ዘጋ።

መልስ 2 እና 3

ሁለተኛው ይህችን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ይዞ መጣ። ታሪክ አዋቂ ነው መሰለኝ። ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ የካቲት 1966 ከነካቢኔያቸው ለቀዋል፣ በኅዳር 1967 ደርግ ከሌሎቹ ባለሥልጣናት ጋር ረሸናቸው፤ እንዴት ይረሳሉ ብሎ ጠየቀ። ታምራት ላይኔም በ1989 ከሥልጣን ወርደዋል፣ ግን ተባርረው ነውና እዚህ አይቆጠሩም ብሎ አከለ።

የመጀመሪያው ሰውዬ ተመልሶ መጣና ያለው ነገር ልክ ነው፣ እኔ ያልኩት የመጨረሻውን ሥልጣን ስለያዘ ሰው ነው፣ አክሊሉ በላያቸው ንጉሠ ነገሥት ነበሩ አለ። በዚህ ተስማሙ። ሁለቱም ወንድሜ እየተባባሉ ነበር። እንዲህ ሆኖ ቢቀጥል ደስ ባለኝ።

መልስ 4

የሎቄ አካባቢ ልጅ ነኝ ያለች ሴት ናት። የጻፈችው አጭር ነው፤ ግን ክሩን ሌላ ቦታ ወሰደው።

ግንቦት 16 ቀን 1994ን አነሳች። ለማታውቁ፣ የሐዋሳን አስተዳደር ከሲዳማ ዞን ለማውጣት የቀረበውን ሐሳብ ለመቃወም ሕዝቡ በሰላም ወጥቶ፣ ሎቄ ላይ ጥይት የተተኮሰበት ቀን ነው። ብዙ ሰው ሞተ። በሲዳማ ዘንድ ቀኑ እስከ ዛሬ ይታሰባል። አቶ ኃይለማርያም ያኔ ፕሬዚዳንት ከሆኑ ገና ወራት ነበር። ሴትየዋ የምትለው፣ በየዓመቱ የካቲት ሲመጣ ስለ መልቀቂያው ምስጋና ይጻፋል፣ ግንቦት ሲመጣ ግን ከእኛ በቀር የሚጽፍ የለም። ያጨበጨበ ሁሉ መጀመሪያ ሎቄ ድረስ በእግሩ ይሂድ አለች።

እኔ ጥያቄውን ስከፍት በልቤ የነበረው ይኸው ነው። በስሙ ጠርቼ ሳልጽፈው እሷ ጻፈችው።

መልስ 5

የመለሰላት ሰው እህቴ ብሎ ነው የጀመረው፤ ነገሩ ግን እየከረረ ሄደ። ክርክሩ ይህ ነው። ያኔ የክልል ፕሬዚዳንት ማለት ከማዕከል የመጣ ውሳኔ ማስፈጸሚያ ነበር። በ1993 ሕወሓት ሲሰነጠቅ ደቡብም ተናውጧል፤ አባተ ኪሾ ተነሥተው በሙስና ተከሰው ታስረዋል። በዚያ ሰሞን ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው በራሱ ሐሳብ ይህን አደርጋለሁ፣ ያን አላደርግም የሚልበት ጊዜ አልነበረም። ስለዚህ ሎቄን በአንድ ሰው ስም መጻፍ ፍትሕ አይደለም አለ።

መልስ 6

ስድስተኛው ወንድሜም እህቴም አላለም። በቀጥታ አንተ ብሎ ገባ። እኔ ግን ከጠቅላላው ክር ውስጥ በጣም የጠነከረው ክርክር የእሱ ይመስለኛል። አምስተኛው ሰው ከዚህ በፊት በሌላ ክር ላይ በእነዚያ ዓመታት ደቡብ ውስጥ ለተሠሩ መንገዶችና ትምህርት ቤቶች ፕሬዚዳንቱን አመስግኖ ነበር፤ ይህን ፈልጎ አወጣው። ከዚያ ጠየቀው። ለመንገዱ ሥልጣን ከነበራቸው ለሎቄም ነበራቸው። ለሎቄ ሥልጣን ካልነበራቸው ለመንገዱም አልነበራቸውም። አንዱን ምረጥ አለው።

አምስተኛው መልስ አልሰጠም። ከዚህ በኋላም አልተመለሰም።

እዚህ ላይ የራሴን ልጨምር። ከማዕከል ታዝዞ ነው የሚለው መከራከሪያ ለክልል መሪዎች ሁሉ ይሠራል፤ ችግሩም እዚያ ላይ ነው። ለሁሉም ከሠራ፣ ማንም ስለምንም አይጠየቅም ማለት ነው። ታዝዞ ከሆነ ማን አዘዘው? ይህንን ሊነግረን የሚችለው ወንበሩ ላይ የነበረው ሰው ብቻ ነው። እንግዲህ እኔ እንዲናገሩ የምፈልገው ለዚህ ነው፤ ለመወንጀል አይደለም።

መልስ 7

የኢሕአዴግ የደቡብ ክንፍ በነበረው ደኢሕዴን ውስጥ ለዓመታት የሠራ የቀድሞ ካድሬ ነው። አሁን ጡረታ ወጥቷል። ስለ ግምገማ ጻፈ፤ ከዕድሜው የተነሳ ይሁን ከልምዱ፣ በጣም በእርጋታ ነው የጻፈው።

ለወጣቶቹ ሲያስረዳ፣ ግምገማ ማለት አዳራሽ ውስጥ ቀናት የሚፈጅ ስብሰባ ነው። ሁሉም ደብተር ይዞ ይገባል። ግለ ሂስ ያደርጋል፣ ከዚያ ሌሎቹ ይሂሱታል። ተሰብሳቢው የሚወስን ይመስለዋል፤ ብዙ ጊዜ ግን ማን እንደሚነሳ አስቀድሞ ይታወቃል። የክልሉ ምክር ቤት የሚሰበሰበው ከዚያ በኋላ ነው፤ እጅ ያወጣል፣ ያጸድቃል። በወረቀት ላይ ፕሬዚዳንቱን የሚመርጠውና የሚያነሳው ምክር ቤቱ ነው። በተግባር ግን ፓርቲው ነው። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ሰው ደከመኝ፣ በቃኝ ብሎ መናገርን አይለማመድም፤ ቢናገርም ሌላ ነገር አለው ተብሎ ይገመገማል። ስለዚህ የ2010ው መልቀቂያ ለእሱ ትልቅ ነገር ነው። በቴሌቪዥን ወጥቶ፣ መልቀቄ የመፍትሔው አካል ይሆናል ብሎ ምክንያቱን መናገር በዚያ ቤት አልተለመደም ነበር።

አንድ ነገርም አከለ። መልቀቂያው እንኳን መጀመሪያ የቀረበው ለደኢሕዴንና ለኢሕአዴግ ሥራ አስፈጻሚ ነው፤ ፓርላማው የመጣው በኋላ ነው። ይህን ማስተዋል አለብን አለ። ትክክል ነው፤ እኔም ልብ አላልኩትም ብዬ ሳይሆን፣ ብዙዎቻችን እንደ ቀላል ነገር ስላለፍነው በደንብ መጻፉ ጥሩ ነው።

መልስ 8 እና 9

አንድ ወጣት ከአቶ ኃይለማርያም በፊትና በኋላ ሐዋሳ ማን ማን እንደነበረ ጠየቀ። ሲዳማ ክልል ሲሆን ገና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ፣ ደቡብ የሚባለውን በደንብ አላውቀውም አለ።

መልሱን የሰጡት አንድ አዛውንት ናቸው። ሁላችንም ጋሼ እያልን ነው የምንጠራቸው። ደቡብ መጀመሪያ አንድ ክልል እንዳልነበረ ነገሩት፤ ክልል 7፣ 8፣ 9፣ 10 እና 11 የሚባሉ አምስት ነበሩ፣ ተዋሕደው አንድ ሆኑ። ከዚያ አባተ ኪሾ እስከ 1993፣ ቀጥሎ ኃይለማርያም ደሳለኝ፣ ከ1998 ጀምሮ ሽፈራው ሽጉጤ፣ ከ2005 ጀምሮ ደሴ ዳልኬ፣ ከእሳቸው በኋላ ለአጭር ጊዜ ሚሊዮን ማቴዎስ፣ መጨረሻ ላይ ርስቱ ይርዳው። የወጋጎዳ መጽሐፍ ወላይታ ሶዶን እንዴት እንዳናወጠም ነገሩት፤ አራት ሕዝቦችን በአንድ ቋንቋ መጽሐፍ ለማስተማር ተሞክሮ ሕዝቡ አሻፈረኝ ያለበትን። አቶ ኃይለማርያም ወደ ክልሉ አመራር የመጡት ያ ነገር ብዙም ሳይቆይ ነው፤ ይህን ካላወቅህ ለምን ወላይታ ፕሬዚዳንት እንደተፈለገ አይገባህም አሉት። ይህ የመጨረሻው የእሳቸው ግምት ነው፤ ግን የሚያስኬድ ግምት ነው።

ልጁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ ብሎ ወጣ።

መልስ 10

ከአዳማ የመጣ ሰው ነው። ለሐዋሳ ልጆች ሰላምታ አቅርቦ፣ ታሪኩን ሐዋሳ ላይ ብቻ አትዝጉት አለን። እሱ እንደሚያየው አቶ ኃይለማርያምን ያስለቀቃቸው ጎዳናው ነው። መስከረም 2009 ቢሾፍቱ ላይ ኢሬቻ በዓል የደረሰውን እልቂት፣ ከዚያ በኋላ የታወጀውን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አነሳ። በየካቲት 2010 መጀመሪያ ኦሮሚያ ውስጥ ሱቅ ተዘግቶ መንገድ ተዘግቶ የነበረውን አድማ፣ በቀለ ገርባ ተፈትተው አዳማ ሲገቡ ሕዝቡ እንዴት ወጥቶ እንደተቀበላቸው ጻፈ። ባጃጅ የሚነዳ ወንድሙ ያን ቀን ሥራ ትቶ በሰልፉ ላይ መዋሉንም ነገረን። መልቀቂያው የተሰማው በዚያው ሳምንት ነው። ታዲያ በፈቃዱ ነው የሚባለው እስከ ምን ድረስ ነው ብሎ ጠየቀ።

ከዚያ የራሱን ክልል መሪዎች ደረደረ። አባዱላ ገመዳ የኦሮሚያ ፕሬዚዳንት ከነበሩ በኋላ አፈ ጉባኤ ሆነው፣ መስከረም 2010 ላይ ልልቀቅ ብለው ጠየቁ፤ ይህ ከአቶ ኃይለማርያም በፊት ነው። ዓለማየሁ አቶምሳ በ2006 በሕመም ምክንያት ለቀው ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ሙክታር ከድር በ2009 መግቢያ ወርደው ለማ መገርሳ ተተኩ። የእሱ ነጥብ፣ መልቀቅ በእነዚያ ዓመታት ከምትሉት በላይ ነበር፣ አንድን ሰው ብቻ ነጥላችሁ ጀግና አታድርጉ ነው።

መልስ 11

መሐንዲሱ ተመልሶ መጣ። ትሕትናው አለ፤ ግን ተናድዷል። ጎዳናው ገፋ ማለት ሰውየው አልመረጡም ማለት አይደለም አለ። በእኛ አገር ጎዳና ሲገፋ መሪዎች ምን እንደሚያደርጉ ታውቃላችሁ፤ ተጨማሪ ወታደር ያዘምታሉ። እሳቸው ታኅሣሥ 2010 ላይ እስረኞች እንደሚፈቱና ማዕከላዊ የሚባለው እስር ቤት እንደሚዘጋ ተናገሩ፣ ከዚያ ራሳቸው ወጡ።

አዳማው ሰው ወዲያው፣ በማግስቱ የካቲት 9 ሌላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መታወጁን አትርሳ ብሎ ጨመረ። ሁለቱም እውነት ነው። ሰውየው የለቀቁበትና ኮማንድ ፖስት የተመለሰበት ሳምንት አንድ ነው። ያን ሳምንት ለብቻው ማንበብ አይቻልም።

መልስ 12፣ 13 እና 14

እዚህ ላይ ወሬው ወደ ሃይማኖት ሄደ። አንዱ የሐዋርያዊት ቤተ ክርስቲያን አባል ስለሆኑ ነው ሥልጣን ያልከበዳቸው አለ። ሌላው ይህን ሲሰማ ስለ ሥላሴ ክርክር ከፈተ፤ ነገሩ ከአቶ ኃይለማርያም ወጥቶ ጥቅስ መወራወር ሆነ። አድሚኑ ገብቶ ሁለቱንም ሃይማኖታችሁን በሌላ ክር ብሎ አስቆማቸው። ጥሩ አደረገ። የሰው እምነት ለምግባሩ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ እኛ ግን ከውጭ ሆነን የምናውቀው ነገር አይደለም።

መልስ 15

ይህ ከርዕሱ ወጥቷል ትላላችሁ ይሆናል። እኔ ግን አልወጣም እላለሁ፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፈው።

አንዲት የቀድሞ የደቡብ ክልል ቢሮ ሠራተኛ ናት። ሐዋሳ ውስጥ ነው ያገባችው፣ ሐዋሳ ውስጥ ነው ልጆቿን የወለደችው። ኅዳር 10 ቀን 2012 የሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ ሲደረግ ባለቤቷ ሲዳማ ስለሆነ ቤቱ ደስታ ነበር፤ እሷም አብራ ደስ ብሏታል። ሰኔ 11 ቀን 2012 ክልሉ ሲመሠረት ግን መሥሪያ ቤቷ በሌላ ክልል ከተማ ውስጥ ያለ እንግዳ ሆነ። ከዚያ ደቡብ ምዕራብ በ2014 ወጣ። ነሐሴ 2015 ላይ የቀረው ለሁለት ተከፈለ፤ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተባለ። ደቡብ የሚባለው ክልል በዚህ አበቃ።

ለሠራተኛው ይህ ማለት መሸኛ ማለት ነው። ወደ ወላይታ ሶዶ፣ ወደ አርባ ምንጭ፣ ወደ ዲላ፣ ወደ ሆሳዕና፣ እንደየድልድሉ። እሷ ወላይታ ሶዶ ደረሳት። አልጋና ቁም ሣጥን በአይሱዙ ተጫነ። ባሏ ሐዋሳ ቀረ፣ ሥራው እዚህ ነው። ትልቁ ልጅ ፈተና ስላለበት ከአባቱ ጋር ሆነ፣ ትንሿን ይዛ ሄደች። የዕድርም የዕቁብም ጓደኞቿ ሐዋሳ ናቸው። በየሳምንቱ መጨረሻ በሚኒባስ ትመላለሳለች። ሶዶ ውስጥ ከእሷ ጋር የሚሠሩ ብዙዎች እንዲሁ ናቸው፤ ዓርብ ከሰዓት መናኸሪያው በእነሱ ይሞላል።

ጥያቄዋ ይህ ነው። ያ ክልል ከ1994 እስከ 1998 በጥሩ ሁኔታ ቢመራ፣ የሲዳማ ጥያቄ በሎቄ በጥይት ሳይሆን በጠረጴዛ ቢመለስ፣ እኛ ዛሬ እንዲህ እንበተን ነበር? መልሱን አታውቀውም፣ እኔም አላውቀውም። ግን ልትጠይቅ መብት አላት። መሪ ሲለቅ ወንበሩን ያስረክባል። እሷ ያስረከበችው ቤቷን ነው።

መልስ 16 እና 17

አሥራ ስድስተኛው ቢሮዎቹ ሲወጡ ስለ ሐዋሳ የቤት ኪራይ ጻፈ፤ አንዳንድ ሰፈር ቀነሰ፣ አንዳንድ ሰፈር ጭራሽ ጨመረ ይላል። ሌላው ደግሞ በ2008 ሐምሌ አቶ ኃይለማርያም ራሳቸው የመረቁት ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው ኪራዩን ያስወደደው አለ። በአንድ ክፍል ውስጥ አምስት ስድስት ሆነው የሚኖሩ የፓርኩ ሴት ልጆችን አነሳ። ይህ ለብቻው ክር ሊከፈትለት የሚገባ ጉዳይ ነው፤ የሚከፍት ካለ እኔም እገባለሁ።

መልስ 18

ወደ ርዕሱ መለሰን። የሕግ ተማሪ ነው። መልቀቅ ሁሉ አንድ አይደለም ብሎ ለየልን። አብዲ ኢሌ የሶማሌ ክልልን ሐምሌ 30 ቀን 2010 ለቀቁ፣ በነሐሴ ታሰሩ። ገዱ አንዳርጋቸው በ2011 የአማራ ክልልን ለቀው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። ለማ መገርሳ በዚያው ዓመት ከኦሮሚያ ወደ መከላከያ ሚኒስትርነት ሄዱ። እሱ እንደሚለው የክልል መሪ ሲለቅ ከሦስት አንዱ ነው፤ ወይ ወደ ማዕከል ይጠራል፣ ወይ ይታሰራል፣ ወይ በሕመም ይሄዳል። ለምን እንደለቀቀ ለመረጠው ምክር ቤት ቀርቦ ጥያቄ ተጠይቆ መልስ የሰጠ አላየንም። አቶ ኃይለማርያምም በ1998 ከሐዋሳ ሲሄዱ ወደ አዲስ አበባ ተጠርተው ነው የሄዱት።

የእኔን ሐሳብ ከእኔ በተሻለ ነው ያስቀመጠው።

መልስ 19

አንዱ ደግሞ መጋቢት 2010ን አነሳ። የኢሕአዴግ ምክር ቤት ሊቀመንበር ሲመርጥ ዐቢይ አሕመድ 108፣ ሽፈራው ሽጉጤ 59፣ ደብረጽዮን ገብረሚካኤል 2 ድምፅ ማግኘታቸውን አስታወሰ። ከሐዋሳ ቢሮ የተነሳ ሁለተኛ ሰው ጠቅላይ ሚኒስትር ሊሆን ነበር ማለት ነው። ሽፈራውም ከወራት በኋላ የደኢሕዴንን ሊቀመንበርነት ለቀቁ፣ ሙፈሪያት ካሚል ተተኩ። ስለ እሳቸው መልቀቅ ለምን አንድም ሰው አይጽፍም ብሎ ተቆጣ። ቁጣው ተገቢ ነው። ከእነ ሽፈራው ዘመን የሚነሳ ብዙ ጥያቄ አለ፤ ሐዋሳ ላይ ረጅም ዓመታት የቆዩ ናቸው።

መልስ 20

ይህ ተሰርዟል። ብሔር ጠቅሶ የተሳደበ ነበር። አድሚኑ ከመሰረዙ በፊት ብዙ ሰው አንብቦታል፣ ስለዚህ አላየሁም ብዬ አላልፈውም። ሰኔ 2010 ላይ በሲዳማ ዘመን መለወጫ በፊቼ ጨምበላላ ሰሞን በዚህች ከተማ የሲዳማና የወላይታ ወንድማማቾች ደም ፈስሷል። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ መጥተው የዞን አመራሮች በፈቃዳቸው እንዲለቁ የጠየቁት ያኔ ነው። ሐምሌ 11 ቀን 2011 እንደገና ሰው ሞተ፣ ንብረት ተቃጠለ። ስለ አንድ ወላይታ ፖለቲከኛ ስናወራ ወላይታን መስደብ፣ ስለ ሎቄ ስናወራ ሲዳማን መስደብ፣ ያንን ቀን እንደገና መጥራት ነው። እንደዚያ የሚጽፍ ሰው እኔ በከፈትኩት ክር ላይ ቦታ የለውም።

መልስ 21

የሎቄዋ ልጅ ተመለሰች። ሰው ሁሉ ስለጻፈላት አመሰገነች፤ በተለይ ከሶዶ የምትመላለሰዋን እናት እኅቴ አለቻት። አቋሟን ግን አላለዘበችም። ይቅርታ ከመጠየቅ በፊት እውነቱ ይነገር አለች። ያን ቀን ማን ምን አዘዘ፣ የሞቱት ሰዎች ስም በመንግሥት መዝገብ ላይ አለ ወይ፣ ቤተሰቦቻቸውን የጠየቀ ባለሥልጣን አለ ወይ፤ ይህን ነው የምፈልገው አለች። ገንዘብ አልጠየቀችም።

መልስ 22

የቀድሞው ካድሬ ነው፣ ሰባተኛው። በቀጥታ ወደ እኔ ዞረ። ሰውየው ዛሬ የግል ሕይወታቸውን ይዘዋል፣ ከባለቤታቸው ጋር ፋውንዴሽን አቋቁመዋል፣ በአህጉር ደረጃ በግብርና ጉዳይ ይሠራሉ። አሁን ምን እንዲያደርጉልህ ነው የምትፈልገው አለኝ። የለቀቀን ሰው እንደገና ፍርድ ቤት ማቆም ሌላው ወንበሩን እንዳይለቅ ያስተምረዋል ብሎ አስጠነቀቀኝ።

ይህ ከባድ ጥያቄ ነው። ሙሉ ማታ አስቤበታለሁ።

መልስ 23፣ የእኔ

ጋሼ፣ ስላከበሩኝ አመሰግናለሁ። እኔ ፍርድ ቤት አላልኩም። ፍርድ ቤት የሚፈልግ ካለ መብቱ ነው፤ የእኔ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። አቶ ኃይለማርያም መምህር ነበሩ። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ወይም የሲዳማ ባህል አዳራሽ ተገኝተው፣ ከ1994 እስከ 1998 ክልሉን እንዴት እንደመሩ፣ የሐዋሳ ጉዳይ እንዴት እንደተነሳ፣ ከማዕከል ምን እንደተባሉ፣ እሳቸው ምን እንዳሉ ለአንድ ከሰዓት በኋላ ቢናገሩ ይበቃኛል። በሥልጣን ላይ ያለ ሰው ይህን ማድረግ አይችልም፤ ፓርቲው አለበት። የለቀቀ ሰው ግን ይችላል። እንዲያውም መልቀቅ ለሕዝብ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ አፍን ነጻ ያወጣል። እርስዎም ቢሆኑ ጋሼ፣ ያኔ በግምገማው አዳራሽ ነበሩ። ደብተሮቹን ካልጣሏቸው፣ ስም ሳይጠቅሱም ቢሆን መጻፍ ይጀምሩ።

የሎቄዋ እህቴ ያነሳቻቸውን ሦስቱን ጥያቄዎች እንዳሉ ገልብጬ ለብቻቸው ክር ከፍቼላቸዋለሁ። እዚያ የምንጽፈው ያየነውንና የሰማነውን ብቻ ነው፤ በዚያን ቀን ሐዋሳ፣ ሎቄ፣ ጥቁር ውሃ ወይም አላሙራ አካባቢ የነበራችሁ፣ የሆስፒታል ሠራተኞችም፣ ፖሊስ የነበራችሁም ጭምር ግቡ። ስለ ሽፈራው ሽጉጤ ዘመን የተቆጣው ወንድሜም ክር ከፍቷል። የሃይማኖቱ ክርክር ያለው ከላይ አድሚኑ ባሳያችሁ ቦታ ነው። ይህንን ከሰኞ ጀምሮ አዲስ መልስ እንዳይገባበት ዘግቼዋለሁ፤ ማንበብ ግን ይቻላል።